ሠላሳ ሁለት ኢንች ስክሪን

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እታለም ሔዋን፣

ክረምቱን በሰላም ያሻገረን አምላክ አንቺንም በሰው አገር ከሙቀቱና ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ። እኔ የአክስትሽ ልጅ ይስማው ደህና ነኝ። አባትሽ የኔታም ደህና ናቸው። ከዲማ አምጥቻቸው ከጌም ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ከተቀመጡ ይኸው ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ልጆቹ ጌም ሲጫወቱ የሚያሰሙትን ጩኸት «የሰይጣን ማኅሌት» እያሉ ይገስጻሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ «ምነው ዛሬ ሰው የለም?» ብለው ይጠይቁኛል።

በወረቀት መጻፌ አይግረምሽ። ኔት ከጠፋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ስልኩም ከውጭ ሲደወል «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲያስብል ቆይቶ ይቆረጣል። እትዬ ዘቢደር ልብስ ልትጭን ወደ ዱባይ ትመላለስ የለ፣ መንገዱ ተከፍቶላት ነገ ስለምትነሣ በእሷ ሰድጄዋለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። ከገበያው በታች ደመላሽ የሚባል ሰው አዲስ ጌም ቤት ከፍቷል። ስክሪኖቹ የጉድ ናቸው፤ የተጫዋቹ ግንባር ላይ ያለው ላብ ይታያል። የኔዎቹን ታውቂያቸዋለሽ፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ አብረን ገጣጥመን ያቆምናቸው ናቸው። አሁን ኳሷና የዳኛው ጭንቅላት አይለዩባቸውም። ኔት ስለሌለ በኢንተርኔት መጫወት ቀርቷል። የቀረው ጎን ለጎን ተቀምጦ እርስ በርሱ የሚጋጠም ነው፣ እሱም ዓይኑ ወደ ወደደው ይሄዳል። ከሦስቱ ኮምፒውተሮች ለአንዱ እንኳ የሚያኮራ ስክሪን ባደርግለት ልጆቹ ይመለሳሉ። ካልተመለሱ እስከ ፋሲካ አልቆይም፣ እዘጋለሁ።

አንቺ የስክሪን ሻጭ ነሽ፣ ምረጪልኝ። ግራፊክስ ካርዱ ያው የድሮው ባለ ስድስት ጊጋው ነው። ምን ልያዝ? ስንት ኢንች? ፎር ኬ የሚሉት ነገር ለኔ ይሆናል?

የኔታ «በርቺ በላት» ብለውኛል።

ታናሽ ወንድምሽ ይስማው


ሻርጃ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለይስማው፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ከእግር ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ አሥር ሰዓት ሙሉ ቆሞ መሸጥ ነው ሥራዬ። ደብዳቤህ ከእትዬ ዘቢደር በርበሬ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ሰንብቶ ደረሰኝ። እያስነጠሰኝ ነው ያነበብኩት።

ስለ ስክሪኑ። መጀመሪያ ደመላሽን ከራስህ አውጣው። ጎረቤቱን እያየ ስክሪን የሚገዛ ሰው ተበላ ማለት ነው። እዚህ በቀን ሃያ ሰው አስተናግዳለሁ፣ ሁሉም «ፎር ኬ፣ ፎር ኬ» እያለ ይገባል፣ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ግን ፎር ኬውን አይጎትትም። ምስል ማለት የጥቃቅን ነጠብጣቦች ጥርቅም ነው፣ ፒክስል የምንለው። ፎር ኬ ላይ ስምንት ሚሊዮን ነጠብጣብ አለ። ጌም ስትጫወት ካርድህ ያንን ሁሉ በሰከንድ ውስጥ መቶ ጊዜ እየደመሰሰ መሣል አለበት። ያንተ ካርድ አንድ በሬ ነው፤ ለጥማድ የሚሆን እርሻ ብትሰጠው መሀል ትልም ላይ ይተኛብሃል።

ስለዚህ ላንተ ቱ ኬ ነው፣ የፎር ኬን ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነጠብጣብ ያለው። ሃያ ሰባት ኢንች ይበቃሃል። ሄርዙን፣ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚለውን ማለቴ ነው፣ ከመቶ አርባ አራት አታውርደው። ለጌም ከጥራቱ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል። ሌላው ገጹ ነው። አንጸባራቂ ገጽ ያለው አለ፣ የማያንጸባርቅ አለ። አንጸባራቂው አጥርቶ ያሳያል፣ ግን መስኮት ካለበት ክፍል ከገባ ወይም መብራት ከጠፋ መስታወት ይሆናል፤ የገዛ ፊትህን ስታይ ትውላለህ። አንተ የማያንጸባርቀውን ያዝ። በዚህ አትከራከረኝ።

አሁን ደግሞ የኔ ጥያቄ። አባባ ለምን አልጻፉልኝም? ሰው በመጣ ቁጥር ከደብዳቤህ ግርጌ በገዛ እጃቸው ሁለት መስመር ይጨምሩልኝ ነበር። አንድም ጊዜ አስቀርተው አያውቁም። በሰው አፍ «በርቺ» ማለት የሳቸው ልማድ አይደለም። ብዕር ቢያጡ ከሰል አያጡም። እያወቅክ እንዳትዞርብኝ፣ ቀጥተኛ መልስ እፈልጋለሁ።

እህትህ ሔዋን


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
(ተጽፎ ያልተላከ)

እታለም፣

ቀጥተኛ መልስ ጠይቀሻል፣ ይኸውልሽ።

የየኔታ ቀኝ ዓይን ከሐምሌ ወዲህ አያይም። በግራው የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊታቸው ያለውን ያያሉ፣ ከጎናቸው የቆመውን አያውቁም። ባለፈው ከደጃፍ ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። የዓይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ ግን አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ጥር መጨረሻ አለኝ።

እኔ በምን አቅሜ? ላንቺ ልጻፍላት ብላቸው ተቆጡ። «በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍም። ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ከመጣች መመለሻ የላትም» አሉ። ደግሞም እውነታቸውን ነው፣ ታውቂዋለሽ። አባታቸው ሲሞቱ ለሳቸውም አልተጻፈላቸውም፤ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ነው መቃብሩን ያሳዩአቸው። ማርቆስን ብዬ እንድምል አደረጉኝ። እጄን ይዘው ነው ያስማሉኝ። እትዬ ዘቢደርንም አስጠርተው አስማሏት።

ቀን ብራናቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ገጽ ይገልጣሉ። አንዳንዴ ገልብጠው ነው የሚይዙት። እኔም አላየሁም እላለሁ።

ይህን የጻፍሁት ሆዴ ስለሞላ ነው። መሐላ አለብኝ፣ አልሰደውም።


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እታለም ሔዋን፣

እግርሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፤ በምትቆሚበት ሁሉ ጸንተሽ ቁሚ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አዝመራው ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ከጉንደ ወይን የመጣው ጤፍ ነጭ ነው።

ስለ ስክሪኑ የነገርሽኝን ለልጆቹ ሳነብላቸው የአንዱ በሬ ነገር አስቋቸዋል። እሺ ብያለሁ፤ ቱ ኬ፣ ሃያ ሰባት ኢንች፣ የማያንጸባርቅ። ካገኘሽልኝ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። ደመላሽ ሌላ ሁለት ጨምሯል ይባላል።

የኔታ ያልጻፉት እጃቸው ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ዓይናቸውም የዕድሜ ነገር ሆኖ ደከም ብሏል፣ ፊደሉ እያነሰባቸው ነው። ሌላ ነገር የለም። አጠገቤ ተቀምጠው ይህን ጻፍ ብለውኛል፦ «ልጄ ወለተ ሐዋርያት፣ የወጣሽበት ደጅ ሳይዘጋ የምትመለሺበትን ያሳየኝ። በርቺ።»

በክርስትና ስምሽ ነው የጠሩሽ። እንደ ድሮው።

ታናሽ ወንድምሽ ይስማው


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይስማው፣ እንደምን ሰንብታችኋል?

ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ «ፊደሉ እያነሰባቸው ነው» ያልከው ሥራ አላሠራኝም። አባባ መጽሐፍ ካላነበቡ ምን ቀራቸው? ሰው ሲያረጅ ሀብቱን ይቆጥራል፣ እሳቸው ያላቸው ያቺ ብራና ብቻ ናት።

ስለዚህ አሳቤን ለወጥኩ። ቱ ኬውን ተወው። ሠላሳ ሁለት ኢንች ፎር ኬ እልካለሁ። ፎር ኬ አይሆንህም ያልኩህ ለጌም ነው። ቆሞ ላለ ጽሑፍ ካርድ አያስፈልግም፣ ያንተም ኮምፒውተር ይበቃል። የብራናዋን ገጽ አንድ በአንድ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሣና ጫናት። አንዷ ፊደል እንቁላል ታህላለች። ቀለሟ፣ የብራና ፋቂው ጭረት፣ የጧፍ ጠብታው እድፍ ሳይቀር ይታያል። በደካማ ስክሪን ስታጎላው ግን ፊደል አይደለም የምታገኘው፣ ጭቃ ነው። ገጹንም አንጸባራቂ አድርጌዋለሁ። ለደከመ ዓይን ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ሆኖ መታየት አለበት። ቀን የሳቸው ይሁን፣ ከዚያ ወዲያ ጥራቱን ዝቅ አድርገህ ልጆችህን አጫውትበት። ሱቅ ውስጥ ስድስት ስክሪን ላይ የአማርኛ ጽሑፍ እየከፈትኩ አወዳድሬያለሁ። አለቃዬ አብደሻል አለኝ።

አሁን ይህን ልብ ብለህ አንብብ። ያጠራቀምኩት አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው፣ ለሁለት ነገር አይሆንም። ዓይናቸው ሐኪም የሚያስፈልገው ከሆነ ስክሪኑ ይቅር፣ ያለኝን ሁሉ ለሕክምናው እልካለሁ። የዕድሜ ብቻ ከሆነ ስክሪኑን እገዛለሁ። ይህን በሌላ መንገደኛ ልኬዋለሁ፤ እትዬ ዘቢደር ከዚህ የምትመለሰው ጥር 15 ነው። እስከ ጥር 10 በሰውም በስልክም አንድ ቃል ላክልኝ፤ «ሐኪም» በለኝ፣ ይበቃኛል። ካልሰማሁ ደህና ናቸው ብዬ እገዛለሁ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ሔዋን


ሻርጃ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ይስማው፣

ሰላምህ ይብዛ። ጠበቅኩ፣ አንድም ቃል የለም። ዝም ማለትህን በደግ ተረጎምኩት። ክፉ ነገር ቢኖር አንተ ዝም አትልም፤ ልጅ ሳለህ እንኳ ጣትህ ሲቆረጥ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ስክሪኑ ነገ ይነሣል። ሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልዬበታለሁ፣ ብርድ ልብሶቹም የአባባ ናቸው። ስታወጣው ገጹን በመዳፍህ አትጫነው፤ ጥጉንና ጥጉን ይዘህ አንሣ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ አባባ ራሳቸው ይላጡት። ፊታቸውን ማየት አልችልምና አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ሲያነቡ ቪዲዮ ቅረጽና በሚሞሪ ካርድ ላክልኝ። ከዚህ ሌላ ምስጋና አልፈልግም።

ሔዋን


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እታለም ሔዋን፣

የላክሽው ሁሉ የካቲት 19 ቀን በደህና ደረሰ። እጅሽ አይንጠፍ። ሰፈሩ እየገባ አየው። ላስቲኩን የኔታ ላጡት። የታኅሣሥ ደብዳቤሽ መንገድ ተዘግቶ ስለዘገየብኝ መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የኔታ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ሲያነቡ ቀርጬ በሚሞሪ ልኬልሻለሁ። እትዬ ዘቢደር ነገ ስለምትነሣ ቸኩዬ ነው የጻፍሁት። ቪዲዮውም አጭር ነው።

ይስማው


ሻርጃ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይስማው፣

ሰላምታው ይቅር።

ቪዲዮውን በስልኬ ሦስት ጊዜ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ አለቀስኩ፣ ከደስታ። አባባ ከኋላ ይታያሉ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ፊት ለፊታቸው ስክሪኑ ነጭ ብርሃን አለው። ድምፃቸው አልተለወጠም፣ አንድ ቃል አልሳቱም። በማግስቱ ለሥራ ጓደኛዬ ለመሲ ላሳያት ብዬ በሱቁ ትልቅ ስክሪን ላይ ከፈትኩት። አባቴ እኔ በመረጥኩት ሲያነቡ እዪልኝ አልኳት።

እሷ ናት መጀመሪያ ያየችው። «ይሄ መስኮት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አቁሜ አጎላሁት። ነጩ ብርሃን መስኮት ነው። የመስኮቱ ብረት አለበት፣ ከብረቱ ወዲያ የጎረቤት ቆርቆሮ ይታያል። ስክሪኑ አልበራም። መብራት አልነበረም። አባባ የጠፋ ስክሪን ፊት ተቀምጠው «ያነባሉ»። ያ አንጸባራቂ ገጽ፣ እኔ ስድስት አወዳድሬ የመረጥኩት፣ ሁላችሁንም ያሳያል። አንተ ከኋላቸው ቆመሃል። በአንድ እጅህ ስልክህን ይዘሃል፣ በሌላው እጅህ የአባቴን ራስ ወደ ስክሪኑ ታዞራለህ። ዓይናቸው ግን ከግድግዳው ላይ ነው፣ ምንም የሌለበት ግድግዳ ላይ። ብሌናቸው እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ። ጥራት ማለት ይህ ነው፣ ለደንበኛ ሁሉ የምሰብከው።

እትዬ ዘቢደርን ሄጄ አፋጠጥኳት። እያለቀሰች መሐላውን ፈታችው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ ለአባቴ ስንት ሚሊዮን ነጠብጣብ እንደሚያስፈልጋቸው ሳሰላ ነበር። አንዲት ቃል ነው የጠየቅኩህ። «ሐኪም» በለኝ አልኩህ። ምረጥ አልኩህ፣ ዝም ብለህ መረጥክ።

ጥር 10 የት ነበርክ?

ሔዋን


ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታው ይቅር ብለሻል፣ ቀርቷል።

የታኅሣሡ ደብዳቤሽ አልዘገየም። ጥር 2 ቀን እጄ ገብቷል። ስምንት ቀን ነበረኝ። ጥር 4 ቀን ስልኩ ሠርቶ ነበር፤ ቁጥርሽን ግማሽ ድረስ መትቼ ተውሁት። መሐላውን ፈርቼ ነው ብልሽ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ስክሪኑንም ፈልጌው ነበር። ሠላሳ ሁለት ኢንች ፎር ኬ ደብረ ማርቆስ ላይ ማን አለው? ደመላሽ የለውም። «ከዚያ ወዲያ ልጆችህን አጫውትበት» ያልሽውን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት እኔ አውቃለሁ። መሐላው መደበቂያ ሆነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም ነግሬአለሁ፣ ላንቺም እነግርሻለሁ።

የግራ ዓይናቸው የካቲት 10 ቀን ጠፋ። ስክሪኑ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው። ጠዋት ተነሥተው «ይስማው፣ ዛሬ ደመና ነው?» አሉኝ። ፀሐይ ነበር። ደመና ነው አልኋቸው።

ቪዲዮውን ስንቀርጽ መብራት እስኪመጣ እንጠብቅ ብያቸው ነበር። «ለኔ ያው ነው፣ ሰዪቱ ነገ ትሄዳለች» አሉ። በስልኬ ሳየው የመስኮቱ ብርሃን ስክሪኑን የበራ አስመስሎት፣ ጎሽ፣ ተሳካ አልሁ። ትንሽ ስክሪን ስንቱን ነገር ይደብቃል።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚ። ጥፋቴ ጥፋቴ ነው። ነገር ግን ከዲማ በበቅሎ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ ወደ ሽንት ቤት እጃቸውን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ሲወድቁ የማነሣቸው እኔ ነኝ። አንቺ አራት ዓመት ሙሉ ፊደላቸውን ነው የጠበቅሽው። ፊደሉ ሲቀር ብራና ልታጎዪላቸው አሰብሽ። መጥቼ ልያቸው የሚል ቃል ከደብዳቤዎችሽ በአንዱም የለም። ብትመጪ እንደማትመለሺ አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ለዚህ ነው ያስማሉኝ። እንግዲህ ሁላችንም እያወቅን ነው ያደረግነው።

ጌም ቤቱን ከፋሲካ በፊት ዘግቼዋለሁ። ስክሪኑን ለሁለት ቀን ሞክሬው ነበር፣ አንቺ እንዳልሽው መሀል ትልም ላይ ተኛ። ጥራቱን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ልጆቹ «ይሄማ የድሮው ነው» ብለው ሄዱ። ኮምፒውተሮቹን ሸጫለሁ፣ ከአንዱ በቀር። ስክሪኑ ከየኔታ ክፍል ነው። እኔ ሸፍኜ ላስቀምጠው ነበር፣ እሳቸው ግን መብራት ሲመጣ አብራው ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አልነገሩኝም ነበር፣ ዛሬ ወረቀቱን ስጠኝ ብለው ራሳቸው ጻፉልሽ። ሁለት መስመር ነው፣ እንደ ልማዳቸው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ወጥቶበታልና ቀስ ብለሽ ለዪው።

ይስማው

ልጄ ወለተ ሐዋርያት፣ ያስማልሁት እኔ ነኝ፣ ይስማውን ተዪው።
የላክሽው ነገር ሲበራ ይሞቃል፤ እጄን አደርግበታለሁ።